ግንቡን ማን ሠራው? የአርክቴክቶች የሥራ ውሎ ከጎንደር እስከ አርሞን ሃናጺቭ

በየዓመቱ ሔሽቫን 29 ቀን ለስግድ ወደ አርሞን ሃናጺቭ የምትመጡ ወጣቶች ቦታውን የምታውቁት በቄሶቻችን ጥላ፣ ከየከተማው በሚመጡት አውቶቡሶችና ከፊት ለፊት በሚታየው የቤተ መቅደሱ ተራራ ነው። እግራችሁ የቆመበት ድንጋይ ግን የራሱ ታሪክ አለው። ሁላችንም ታዬሌት የምንለውን መንሸራሸሪያ፣ የመጀመሪያውን ክፍል፣ በ1980ዎቹ የነደፉት አሜሪካዊው ሎውረንስ ሃልፕሪንና እስራኤላዊው ሽሎሞ አሮንሰን ናቸው። በአቅራቢያው በዛፎች ተከቦ የሚታየውን፣ የተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ የሚውለበለብበትን ቤት የነደፈው ደግሞ ኦስተን ሃሪሰን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቤት ነው፤ አርሞን ሃናጺቭ ማለት "የኮሚሽነሩ ቤተ መንግሥት" ማለት ነው። (ዘመኖቹን ሁሉ የምጽፈው እዚህ አገር በምንቆጥረው አቆጣጠር ነው።)

ሁለቱም ቦታዎች የነዳፊዎቻቸው ስም አብሯቸው አለ። አሁን ደግሞ ስለ ጎንደር እናስብ። የፋሲል ግንብ የማን ሥራ ነው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ "የአጼ ፋሲል" ነው። እንዲህ ሲባል ሰምተን ስለለመድነው ጥያቄው ራሱ ይረሳናል። አጼ ፋሲል እኮ ድንጋይ አልጠረቡም፤ ኖራ አላቦኩም፤ ሲባጎ አልወጠሩም። ያን ሁሉ የሠራ ሰው ነበረ። ከሠሩትም መካከል የቤተ እስራኤል ግንበኞች ነበሩ።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አንድ ነው። አርክቴክት ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ እንደሚውል በቅርብ ካየን፣ "ሠሪው እሱ ነው" የሚለው ስም እንዴት ለአንዱ እንደሚሰጥና እንዴት ለሌላው እንደሚነፈግ ይገባናል። ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአንድ በኩል የአያቶቻችን የሥራ ታሪክ ነው፤ በሌላ በኩል ዛሬ በሰፈራችን ሕንፃ ፈርሶ ሌላ ሊሠራ ሲታሰብ ማን ይናገራል፣ ማን ዝም ይላል የሚለው ጥያቄ ነው።

ቃሉ ራሱ ምን ይላል?

እስቲ ከቃሉ እንነሣ። "አርክቴክት" የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ "የግንበኞች አለቃ" ነው። ዕብራይስጡ "አድሪኻል" ይለዋል፤ የቋንቋ ሊቃውንት ቃሉን ወደ ጥንቱ አካድኛ መልሰው "የቤተ መንግሥት አገልጋይ" ከሚል ሐረግ ያመጡታል። በአማርኛ ቀድሞ የገባው "መሐንዲስ" ደግሞ ከዐረብኛ የተወሰደ ነው፤ ሥሩም ከልክና ከስፍር ጋር የተያያዘ ነው። አለቃ፣ አገልጋይ፣ ለኪ፦ ሦስቱ ቃላት ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይመስላሉ። ሥራውን በቅርብ ያየ ሰው ግን ሦስቱም በአንድ ሰው ውስጥ፣ ያውም በአንድ ቀን ውስጥ እንደሚገኙ ያውቃል። ጠዋት ለባለ ገንዘቡ አገልጋይ ነው፤ ቀትር ላይ ለኪ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግንባታው ቦታ ሲደርስ አለቃ ይሆናል፤ ያውም አለቅነቱን ሠራተኞቹ ከተቀበሉለት ነው።

ድሮ በአገራችን ግን ለዚህ ሥራ የተለየ ማዕረግ ያለው ቃል አልነበረም። ግንበኛ፣ ድንጋይ ጠራቢ፣ አናጢ ይባል ነበር። በእጁ የሚሠራውን ሁሉ አንድ ላይ አድርጎ የሚጠራ ቃልም ነበረ፤ ጠይብ። ይህ የመጨረሻው ቃል እንደ ስድብም ያገለግል ነበር። ወደዚህ እንመለሳለን።

ከጠረጴዛው አጠገብ የተቀመጡ ተመራማሪዎች

አንትሮፖሎጂ ስንል ብዙ ሰው የሚታሰበው ሩቅ መንደር ሄዶ ስለ ሠርግና ስለ ለቅሶ የሚጽፍ ተመራማሪ ነው። ከ40 ዓመት ገደማ ወዲህ ግን ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው የባለሙያዎችን ውሎ የሚያጠኑ በዝተዋል። አርክቴክቶችም ተጠንተዋል።

ዳና ካፍ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1991 ባሳተመችው መጽሐፍ የአርክቴክት ቢሮዎችን ሥራ ከውስጥ አሳየች። ሰው የሚያስበው አንድ ብልህ ሰው ብቻውን ተቀምጦ፣ ሐሳብ መጥቶለት፣ ሕንፃ እንደሚወልድ ነው። እሷ ያገኘችው ሌላ ነው፤ ስብሰባ፣ ድርድር፣ ደንበኛን ማሳመን፣ ከኢንጂነር ጋር መከራከር። ሕንፃው ከንግግሩ መሀል ነው ቀስ ብሎ የሚወጣው።

አልቤና ያኔቫ ደግሞ በኔዘርላንድ ሮተርዳም ከተማ በታዋቂው በሬም ኮልሃስ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ ታየው የነበረውን በ2009 በመጽሐፍ አወጣችው። ትኩረቷን የሳበው የሞዴል ሥራ ነው። ወጣት ሠራተኞች ሌሊቱን ሙሉ ስፖንጅ መሰል ነገር እየቆረጡ ትናንሽ ሕንፃዎች ይሠራሉ፤ አለቃው መጥቶ ያያል፤ ይጣላል፤ ሌላ ይሠራል። የተጣለው ግን አይጠፋም። መደርደሪያ ላይ ይቀመጥና ከወራት በኋላ ለሌላ ሥራ መነሻ ይሆናል። በመጨረሻ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው የአለቃው ስም ነው። ስፖንጁን የቆረጡት ልጆች ስም ብዙ ጊዜ አይወጣም።

ቶማስ ያሮው በ2019 የጻፈው በእንግሊዝ ገጠር ስላለ አንድ ትንሽ ቢሮ ነው። እዚያ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ የለም። ደንበኛው ጓዳውን ማስፋት የሚፈልግ ባልና ሚስት ነው። ባልየው ሰፊ መስኮት ይፈልጋል፣ ሚስትየዋ ማዕድ ቤቱ ይቅደም ትላለች፣ ገንዘቡ ለሁለቱም አይበቃም። አርክቴክቱ ቀኑን የሚያሳልፈው በእርሳስና በወረቀት ብቻ አይደለም፤ በስልክ፣ በኢሜይል፣ በትዳር ሽምግልና በሚመስል ንግግር ነው። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" የሚለው ተረታችን ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። በወረቀት ላይ የተሳሳተ መስመር በላጲስ ይጠፋል፤ በኮንክሪት የተሞላ ስህተት ግን አይጠፋም።

እነዚህ ሁሉ ፕላን የሚሥሉ ሰዎች ናቸው። ትሬቨር ማርቻንድ ግን ፕላን የማይሥሉትን አጠና። የመን ሰንዓ ሄዶ ሚናራ ከሚሠሩ ግንበኞች ጋር ራሱ እንደ ቀን ሠራተኛ ሆኖ ሠራ፤ መጽሐፉም በ2001 ወጣ። እነዚያ ሰዎች ረጅም ማማ ሲያቆሙ የተሣለ ወረቀት አይይዙም። ልኩ በዓይናቸው፣ በክንዳቸው፣ ከጌታቸው ሥር ሆነው ባሳለፉት የልምምድ ዓመታት ውስጥ ነው ያለው። ታዲያ እነሱስ አርክቴክት አይደሉም? ማርቻንድ ያነሣው ጥያቄ ይህን ይመስላል። ለእኛም ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው።

የኮሚሽነሩ ቤት እንዴት ተሠራ?

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ሐምሌ 1927 ኢየሩሳሌምን የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። በዚያን ጊዜ የእንግሊዙ ከፍተኛ ኮሚሽነር የሚቀመጠው በደብረ ዘይት ተራራ ላይ፣ አውጉስታ ቪክቶሪያ በሚባለው በጀርመኖች የተሠራ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ሕንፃው ክፉኛ ተጎዳ። መንግሥት አዲስ ቤት ለማሠራት ወሰነና ከከተማው በስተ ደቡብ ያለውን ኮረብታ መረጠ። ቤቱ በ1931 አለቀ።

ነዳፊው ሃሪሰን ዛሬ በምናስበው መንገድ "ታዋቂ አርክቴክት" አልነበረም። ደመወዝተኛ ነበር። የማንዴቱ መንግሥት የሕዝብ ሥራ መምሪያ ዋና አርክቴክት ሆኖ እስከ 1937 አገለገለ። ዛሬ የሮክፌለር ሙዚየም የምንለውም የእሱ ሥራ ነው። የመንግሥት ቢሮ ሥራ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ደብዳቤ፣ በጀት፣ ፊርማ፣ መጠበቅ። አንዱ ቤት ሦስት ሥራ እንዲሠራ ይፈለግ ነበር፤ ለኮሚሽነሩ ቤተሰብ መኖሪያ፣ ለመንግሥት ቢሮ፣ ለግብዣና ለዳንስ አዳራሽ። ሦስቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ማስታረቅ ነው የአርክቴክቱ ራስ ምታት። ያሮው ያያቸው ባልና ሚስት ስለ ጓዳ እንደተከራከሩት ማለት ነው፤ ልዩነቱ የቤቱ ስፋት ነው።

ድንጋዩንስ ማን ጠረበው? ከ1918 ጀምሮ፣ የኢየሩሳሌም የእንግሊዝ ገዥ የነበረው ሮናልድ ስቶርስ ባወጣው ትእዛዝ፣ በከተማይቱ የሚሠራ ቤት በድንጋይ እንዲለበስ ተደንግጓል። በዚያ ዘመን የድንጋይ ሙያው ቋንቋ ዐረብኛ ነበር። ዛሬም ኢየሩሳሌም ውስጥ የሚሠራ ማንኛውም ቀብላን ቃላቱን ያውቃቸዋል። ፊቱ ሸካራ ሆኖ ወደ ውጭ ያበጠው ድንጋይ ጡብዜ ይባላል፤ ታልቲሽ፣ ሙሳምሳም፣ ሙታቤ የሚባሉትም እያንዳንዳቸው የተለየ መሮና የተለየ የእጅ ምት ይፈልጋሉ። አርክቴክቱ በፕላኑ ላይ አንድ ቃል ይጽፋል። ያን ቃል ድንጋይ የሚያደርገው ጠራቢው ነው። በግብዣ አዳራሹ ውስጥ ያለውን የእሳት ማንደጃ ያስጌጡት ባለ ቀለም ሸክላዎች ደግሞ የዳዊት ኦሃኔሲያን ሥራ ናቸው። እሱም በ1919 ወደ ኢየሩሳሌም የመጣ፣ የአርመን የሸክላ ጥበብ ባለሙያ ነበር።

የሃሪሰን ስም እንዴት እንደቀረ ልብ በሉ። ከሁሉም በላይ ብቻውን ስለደከመ አይደለም። ወረቀት ስለነበረ ነው። የተፈረመ ፕላን፣ የመንግሥት መዝገብ፣ ደብዳቤ፣ ፎቶ ነበረ። ኦሃኔሲያን ወርክሾፕ ስለነበረው ስሙ ቀረ። የድንጋይ ጠራቢዎቹ የቀን ሒሳብ ግን ሲከፈል አለቀ፤ አብሮም ስማቸው አለቀ። ስም የሚቀረው ወረቀት በቀረበት ነው።

ኢትዮጵያ ጎዳና፤ በሰው ጭንቅላት የመጣ ፕላን

ከአርሞን ሃናጺቭ ወደ መሀል ከተማ ብንወጣ ኢትዮጵያ ጎዳና እንደርሳለን። ጠባብ ጎዳና ነው፤ ኤሊዔዘር ቤን ዬሁዳ የኖረውም እዚያ ነው። በከፍተኛ አጥር ውስጥ ያለችው ክቧ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በአጼ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምራ በአጼ ምኒልክ ዘመን አለቀች። የእኛ የጸሎት ቤት አይደለችም፤ ግን ለታሪካችን አንድ ነገር ታስተምራለች።

ድንጋይዋ የኢየሩሳሌም ድንጋይ ነው። ቅርጿ ግን የኢትዮጵያ ደጋ ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ሦስት ዙር አላት፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ይህን አሠራር የሚያውቅ ካህን በየትኛውም አገር ቢሄድ ፕላኑ በጭንቅላቱ አለ። የቱ ጋ እንደሚቆም፣ የት ዞሮ እንደሚገባ፣ ማን እስከየት እንደሚደርስ ያውቀዋል። ስለዚህ ቤቱ ወረቀት ላይ ከመሣሉ በፊት በሰዎች እግር ተሥሏል ማለት ይቻላል። ማርቻንድ በሰንዓ ያየው እውቀት በግንበኛው እጅ ነበር፤ እዚህ ደግሞ በሚገለገልበት ሰው ውስጥ ነው። ሕንፃ የሚነድፍ ሰው ከሁለቱም ይማራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ስማቸውን አይጽፍም።

ጎንደር፤ ስም የሌላቸው አርክቴክቶች

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ጎንደር በ1636 ገደማ የአጼ ፋሲል መቀመጫ ሆነች። "ፖርቱጋሎች ናቸው የሠሩት" የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ትሰማላችሁ። ነገሩ ግን በዘመን ቆጠራ እንኳን አይገጥምም። አጼ ፋሲል ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያንን ከአገር ያስወጡት በ1630ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከተማይቱ ከመቆርቆሯ በፊት ማለት ነው። እውነት ነው፣ በአባታቸው በአጼ ሱስንዮስ ዘመን ከሕንድ በመጡ ግንበኞችና በኢየሱሳውያን በኩል በኖራ የሚያያዝ ግንብ ተስፋፍቶ ነበር። ሰዎቹ ሲሄዱ ግን ሙያው አልሄደም። አገር ውስጥ ባሉ እጆች ቀረ።

እነዚያ እጆች የማን ነበሩ? የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ኩዊሪን በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የጽሑፍ ምንጮችንና ከሽማግሌዎች የሰበሰበውን ቃል አያይዞ፣ የቤተ እስራኤል ወንዶች በጎንደር ዘመን በግንበኝነትና በአናጢነት እንዲሁም በወታደርነት ነገሥታቱን እንዳገለገሉ አሳይቷል። አለቆቻቸውም አዛዥና በጅሮንድ የሚል ማዕረግ ይሰጣቸው ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በጅሮንድ ማለት በቤተ መንግሥቱ ንብረት ላይ የተሾመ ሰው ነው። የግሪኩ ቃል "የግንበኞች አለቃ" ካለ፣ የዕብራይስጡም ቃል "የቤተ መንግሥት አገልጋይ" ካለ፣ እነዚህ ሰዎች ሁለቱንም ነበሩ።

ወደ ሙያው እንዴት ገቡ? ታሪኩ መራራ ነው። በአጼ ሱስንዮስ ዘመን በሰሜን ተራሮች የነበረው የቤተ እስራኤል ኃይል ተሸነፈ። ከሽንፈት ጋር ርስት ሄደ። ርስት የሌለው ሰው መሬቱን ከሌላ ተከራይቶ ያርሳል፤ ያ ደግሞ ስለማይበቃው በእጁ ይሠራል። ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸማ ይሠራል፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ፣ ግንብም ይገነባል። ስለዚህ ማዕረጉና ማጣቱ አብረው የመጡ ናቸው። በአንድ ወገን ንጉሡ "ና ግንብ ሥራልኝ" ይላል፤ በሌላ ወገን ጎረቤቱ "ጠይብ" "ቡዳ" እያለ ይርቀዋል። ከ1769 በኋላ ነገሥታቱ ሲዳከሙና ዘመነ መሳፍንት ሲገባ፣ የሚያሠራቸው ቤተ መንግሥትም ማዕረጉም ቀነሰ። ስድቡ ግን አልቀነሰም።

የሥራ ውሏቸውን የጻፈልን ሰው የለም። ግንቡ ራሱ ግን ይነበባል። የፋሲል ግንብ በአራቱ ማእዘን ክብ ማማዎች አሉት፤ በላያቸውም ጉልላት አለ። የበሮቹና የመስኮቶቹ አናት ቅስት ነው። ቅስት እንዲሁ አይሠራም። መጀመሪያ አናጢው ከእንጨት የቅስት ቅርጽ ይሠራል፤ ግንበኛው በዚያ ላይ ድንጋዩን ከግራና ከቀኝ እየደረደረ ይመጣል፤ የመሀሉ ድንጋይ ሲገባ ብቻ ነው ቅስቱ ራሱን የሚችለው። ከዚያ በኋላ እንጨቱ ይወጣል። የመሀሉ ድንጋይ በልኩ ካልተጠረበ ሁሉም ይወርዳል። ኖራውም እንዲሁ ነው። የኖራ ድንጋይ ይቃጠላል፣ በውኃ ይበርዳል፣ ከአሸዋ ጋር ይቦካል፤ ቶሎ የደረቀ ይሰነጠቃል፤ ያልደረቀ ላይ የገነባ ይፈርስበታል። ስለዚህ አንድ ሰው ከማለዳ ጀምሮ ማቃጠሉን፣ ማቡካቱን፣ መጥረቡንና መስቀሉን በጊዜ ማስተካከል ነበረበት። አናጢውን ከግንበኛው፣ ግንበኛውን ከባለ ኖራው ማገናኘት ነበረበት። ንጉሡ መጥቶ "ይህ ይጨመር" ሲል የሚቻለውንና የማይቻለውን በአክብሮት መናገር ነበረበት።

ዳና ካፍ በአሜሪካ ቢሮዎች ያየችው ሥራ ይኸው ነው። ልዩነቱ ወረቀቱ ነው። በጎንደር ወረቀት የሚጽፈው የንጉሡ ጸሐፊ ነበር፤ የሚጽፈውም ስለ ንጉሡ ነበር። ዩኔስኮ በ1979 ፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብም የተመዘገበው በንጉሡ ስም ነው። አይገርምም።

አዲስ አበባ፤ ሁለት ስም በአንድ ቢሮ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አርክቴክት መሆን የምስክር ወረቀት የሚጠይቅ ሙያ ሆነ። አዲስ አበባ በ1954 የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተከፈተ። በ1960ዎቹ ደግሞ ዛልማን ኤናቭ የተባለ እስራኤላዊ አርክቴክት ከኢትዮጵያዊው አርክቴክት ከሚካኤል ቴድሮስ ጋር በአዲስ አበባ አንድ ቢሮ ከፍቶ ይሠራ ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሕንፃ የእነሱ ሥራ ነው። የፍል ውኃ መታጠቢያ ሕንፃም እንዲሁ። እቴጌ ጣይቱ በ1886 ከተማይቱን የቆረቆሩት በዚሁ ፍል ውኃ ምክንያት ስለሆነ፣ ሁለቱ ሰዎች የሠሩት በከተማይቱ እምብርት ላይ ነው ማለት ይቻላል።

በእስራኤልና በኢትዮጵያ መካከል ስለነበረው የዚያ ዘመን ወዳጅነት ስናወራ አንዱን ስም ብቻ አንጥራ፤ ቢሮው የሁለት ሰው ነበር። ሌላም ነገር አለ። እስራኤላዊ አርክቴክት በአዲስ አበባ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በሚሠራበት በዚያው ዘመን፣ ከጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ ቤተ እስራኤል ሸክላ ይሠሩና ብረት ይቀጠቅጡ ነበር። የአንድ ሙያ ሁለት ጫፍ በአንድ አገር ውስጥ ነበር፤ ፕላንና ፈቃድ በአንደኛው፣ እጅና ልምድ በሌላው። በ1973 የሁለቱ መንግሥታት ግንኙነት ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ባለ እጆቹ ራሳቸው ወደዚህ አገር መጡ።

መጥተውስ? እዚህ "ግንበኛ ነኝ" ያለ አባት የሚጠየቀው "ቴዑዳ አለህ ወይ?" ተብሎ ነው። ድንጋይ መርጦ፣ በቱምቢ ለክቶ፣ ቤት ማቆም የሚችል ሰው በወረቀት ሲታይ "ሙያ የሌለው" ሆነ። ብዙዎቹ በጥበቃና በጽዳት ሠሩ። ሙያውን ከሚያስታውሰው ስድብ ጋር ላለማንሣት ሲሉ ለልጆቻቸው ያልነገሩም አሉ። ሃጋር ሳላሞን በ1999 በታተመ ጥናቷ ያሳየችው፣ የቡዳ ስም በማኅበረሰቡ ትዝታ ውስጥ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ነው። ዝምታው ከየት እንደመጣ ይህን ስናውቅ ይገባናል።

ፕላኑ አሁን በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ነው

አርሞን ሃናጺቭ፣ በመዝገብ ስሙ ታልፒዮት ሚዝራሕ፣ ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተሠራ ሰፈር ነው። ሕንፃዎቹ አርጅተዋል። እንደሌሎቹ የኢየሩሳሌም ሰፈሮች ሁሉ እዚህም ስለ ፒኑይ ቢኑይ ይወራል። አንድ ቀን ሕንፃው መግቢያ ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ስብሰባ ይጠራል፤ አርክቴክት መጥቶ በግድግዳው ላይ የሚያምር ሃድማያ ያሳያል። በሥዕሉ ላይ ዛፉ አድጎ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ሰው ሁሉ እየሳቀ ይሄዳል። አዛውንቶቻችን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ያያሉ። ከዚያ ደብዳቤው ቤት ይመጣል፤ የሚያነብላቸውም እናንተ ናችሁ።

ከላይ ያየናቸው ጥናቶች የሚጠቅሙት እዚህ ጋ ነው። አርክቴክት ያለቀ ነገር ይዞ የመጣ ይመስላል፤ ውሎውን ያጠኑት ግን የሚነግሩን ሌላ ነው። ያ ሥዕል መደርደሪያ ላይ ከሚቀመጡት ሞዴሎች አንዱ ነው። ነገ ሊቀየር ይችላል። የሚቀየረው ግን የሚናገረው ሰው ካለ ነው። ያ ሰው ባለ ገንዘቡ ብቻ ከሆነ እሱ ባለው ይቀየራል። ስለዚህ ጠይቁ። አያቶች ከሰዓት በኋላ አሁን ደረጃው ሥር ነው የሚቀመጡት፤ በአዲሱ ፎቅ የት ይቀመጣሉ? ለቅሶ ሲሆን ሁለት መቶ ሰው የሚመጣው የት ነው የሚያርፈው? የቡና ጭስ ወዴት ይወጣል? በረንዳው ለሱካ ይከፈታል ወይስ ከላዩ ሌላ በረንዳ አለበት? የቫዓድ ክፍያው ለጡረተኛ ስንት ይሆናል? እነዚህ "የማያውቅ ሰው" ጥያቄዎች አይደሉም። ያሮው በእንግሊዝ ገጠር ያያቸው ባልና ሚስት የሚጠይቁት እነዚህን ነው፤ አርክቴክቱም ለመመለስ ይደክማል፤ ሥራው እሱ ነውና።

ታዬሌቱን ከነደፉት አንዱ ሃልፕሪን በዚህ ያምን ነበር። በአገሩ የከተማ ቦታ ከመንደፉ በፊት ነዋሪዎችን ሰብስቦ በቦታው አብረው እየሄዱ የሚመክሩበት አሠራር ነበረው። ከዚያ ደግሞ ቦታው ከእሱ እጅ ወጥቶ የራሱን መንገድ ያዘ። ለመንሸራሸር የተሠራው የድንጋይ ደረጃ በየዓመቱ ቄሶች ኦሪትን ይዘው የሚቆሙበት፣ ሺዎች ወደ ቤተ መቅደሱ ተራራ የሚሰግዱበት ቦታ ሆኗል። ድሮ በአምቦበር ተራራ ላይ የነበረው ሥርዓት እዚህ ቦታ አግኝቷል። ስግድን በታዬሌቱ ላይ ያሠፈሩት በእግራቸው እየመጡ የቆሙት ሰዎች ናቸው። 2008 ላይ ሕጉ ስግድን እንደ ብሔራዊ በዓል ያወቀውም እነሱ ለዓመታት ሲመጡ ከኖሩ በኋላ ነው።

ከእናንተ መካከል ሙያውን የሚማር ይኖራል። መንገዱ ረጅም ነው፤ አምስት ዓመት ትምህርት፣ ከዚያ የመዝገብ አድሪኻል መሆን፣ ከዚያ የሥራ ልምምድና ፈተና። የቤጻልኤል አዲሱ ሕንፃ በ2023 የተከፈተው በሩስያ ግቢ ነው፤ ከዚያ እስከ ኢትዮጵያ ጎዳና በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። የሚማር ሰው በመጀመሪያው ዓመት "ተጽዕኖ ያደረገብህ አርክቴክት ማን ነው?" ተብሎ ይጠየቃል፤ ሌ ኮርቡዚየ፣ ኮልሃስ ብሎ ይመልሳል። መልሱ ጥሩ ነው። ግን አያቱ ከጎንደር ወይም ከሰሜን ከሆኑ፣ ሌላም ስም ሊኖር ይችላል፤ ማንም ያልጻፈው ስም።

እሱን ለማግኘት መዝገብ ቤት መሄድ አያስፈልግም። በሚቀጥለው ሻባት አያታችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ። ቤታችሁን ማን ሠራው? በምን ለካው? ከማን ተማረው? ስልካችሁን አውጥታችሁ ቅዱት። "እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ የጭቃ ቤት ነው" ቢሏችሁም አታቋርጡ፤ ትንሽ ቆይተው ስለ ማገሩ፣ ስለ ምሰሶው፣ ስለ ጣሪያው ሣር ያወራሉ። ያን ጊዜ የሰውየውን ስም ጻፉት፤ ከነአባቱ ስም። ሃሪሰን ስሙ የቀረለት ጽሑፍ ስለነበረ ነው። ለእነዚህም ሰዎች ጽሑፉ ከዛሬ ሊጀምር ይችላል።